ዶሮ የሌላት ሴት ሃያ ስምንት ምሽቶች

ሦስት ቀን ነው ያለው። ይህን ከሁሉ በፊት የምናገረው የቀረውን ሳያነብ ለሚተወው ሰው ነው። ኤች.አይ.ቪ በደሙ ውስጥ ካለበት ሰው ጋር ደማችሁ ተነካክቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሳችሁ ቫይረሱ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል ክኒን አለ። ከሦስቱ ቀን የመጀመሪያው ይሻላል፤ ከመጀመሪያውም ቀን የመጀመሪያው ሰዓት። እኔ ስድሳ ሁለት ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። የሰማሁት በሕይወቴ አብልጬ ከጠላኋት ሴት አፍ ነው።

ዘነቡ ብዬ እጠራታለሁ፤ ስሟ አይደለም። እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «እኔን ከደበቅሽ ጻፊው፤ ብቻ ዋሽተሽ ደግ ሰው እንዳታደርጊኝ» ብላኛለች። ስለዚህ ደግ አላደርጋትም። ቀበሌያችንንም አልናገርም። ከመካነ ሰላም በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው ካልኩ ይበቃል፤ በዚያ ርቀት ላይ ያለው ቀበሌ ብዙ ነው።

ዘነቡ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ባለቤቴ ከሞተ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሲያስለው ከረመ፣ ከሳ፣ ሞተ። ሐኪሙ «ሳንባ ነው» ብሎ ነበር፤ የእኛ መንደር ግን ከሐኪም ቃል የራሱን ይመርጣል፤ «ኤች.አይ.ቪ ነው፣ እሷም አለባት» አለ። ከአርባው በኋላ ወደ ልደታ ማኅበር ሄድኩ። ማኅበራችን በየወሩ በየቤቱ በተራ የሚደረግ የጽዋ ማኅበር ነው፤ ጠላው በአንድ ጽዋ ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የዚያን ዕለት ጽዋው እኔ ዘንድ ሊደርስ ሲል ዘነቡ ተቀብላ በላዬ አሳለፈችው። ከዚያ ከኋላዋ ጣሳ አወጣች። ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ ጣሳ ነበር። ጠላ ቀዳችበትና ፊቴ አስቀመጠችው።

«ላንቺ እንዲመችሽ ብዬ ነው» አለች።

ወይዘሮ ፋንታዬ (ይህም ስሟ አይደለም፣ እሷ ግን ራሷን ታውቃለች) ቤቱ ያፈስስ እንደሆነ የምታጣራ ይመስል ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። ጣሳውን አልነካሁትም። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ፤ ወደዚያ ማኅበርም ዳግም አልተመለስኩም። ዘነቡን ለቅሶ ቤት ሳገኛት ከጎኗ ላለው ሰው ሰላምታ ሰጥቼ እሷን እዘላት ነበር። እሷ ጽዋውን በእኔ ላይ እንዳሳለፈችው ማለት ነው።

ልጄ ከጅዳ ስትደውል «እማዬ፣ ተመርመሪና አፋቸውን አስይዢያቸው» ትለኝ ነበር። «ደሜን ለእነሱ ማስረጃ አላደርግም» እላታለሁ። ኩራት ነበር። ከኩራቱ ሥር ግን ፍርሃት ተኝቶ ነበር፤ ልክ ቢሆኑስ የሚል። ይህን ለልጄም ነግሬያት አላውቅም።

እኔ ዋግምት እሠራ ነበር፤ ከእናቴ የወረስኩት ሙያ ነው። ራሱን ወይም ትከሻውን የሚያመው ሰው ሲመጣ፣ ያመመውን ቦታ በምላጭ በስሱ እበጣለሁ፤ ቀንድ ደፍቼበት በጫፉ ባለው ቀዳዳ አየሩን በአፌ ስቤ በሰም እደፍነዋለሁ፤ ደሙ ወደ ቀንዱ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ምላጩን ከነእሽጉ ፊቱ እከፍታለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ጓንት የሚባል ነገር ግን እጄ ገብቶ አያውቅም፤ ቀንዱንም አጥቤ ለሚቀጥለው ሰው አውለው ነበር። በዚህኛው ግን አይኮራም።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል የዘነቡ ምራት መጣች።

«እትዬ፣ እማማ ትከሻቸው አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏቸዋል። ይሠሩላቸው የነበሩት ሰውዬም ሞቱ።»

«እግር የላትም?»

«አላቸው።»

«እንግዲያው በእግሯ ትምጣ።»

መጣች። ማክሰኞ ነበር፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል። በሩ ላይ ቆማ ጎሮሮዋን ጠረገች። ገብታ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን አዙራ ትከሻዋን ገለጠችልኝ። እውነቱን ልናገር፤ ጠላቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እኔ ምላጭ ይዤ ስቆም የተሰማኝን ደስታ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩትም።

«የሚሠሩልሽ ሁሉ አለቁ?» አልኳት።

«አለቁ።»

«እኔም አልቄ ቢሆን ወዴት ትሄጂ ነበር?»

«ምላጭሽን ያዢና ሥራሽን ሥሪ።»

ሁለት ጊዜ በጣሁ። ለሦስተኛው ቆዳዋን በግራ እጄ ወጠር አድርጌ ስይዝ፣ ከጉያዋ አውራ ዶሮ ጮኸ። ስልኳ ነው። ዘነቡ እሳት እንደነካት ተስፈነጠረች፤ ምላጩ አውራ ጣቴን ሰነጠቀው። የእኔ ደም በእሷ ትከሻ ላይ፣ የእሷም በእኔ ጣት ላይ ሆነ። ስልኩን በጥድፊያ አጠፋችው።

«የልጄ ጥሪ ነው» አለች።

«ልጅሽ እንደ ዶሮ ነው እንዴ የምትጠራሽ?»

ጣቴን በጨርቅ አስሬ ሥራዬን ጨረስኩ፤ ሄደች። ከዚያ ያደረግኩትን ሌላ አገር ያለ ሰው የሚያደርገው አይመስለኝም። «ክፉ ደም ገብቶ እንደሆነ ተስቦ ይውጣ» ብዬ የገዛ ጣቴን ዳር በጥቼ ቀንድ ደፋሁበትና ሳብኩት። ቀንዱም ከዘነቡ ትከሻ አሁን የወረደው ነበር፤ ውኃ አፍስሼበታለሁ ብዬ እንደ ንጹሕ ቆጠርኩት። ቁስሌን አሰፋሁት እንጂ ምንም አላወጣሁም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ዘነቡ ተመለሰች። በዱላዋ ተደግፋ ዳገቱን ብቻዋን ነው የወጣችው። ላብ አጥምቋታል።

«ጣትሽ እንዴት ነው?»

«ጣቴ የኔ ነው።»

«ቁጭ በይ።»

«በገዛ ቤቴ?»

«ቁጭ በይ አልኩሽ፣ አንቺ ሴት።»

ተቀመጥኩ። እሷ ቆመች።

«መድኃኒት ላይ ነኝ» አለች።

«የምን?»

«የዚያ። አንቺን የጠረጠርንበት የዚያ በሽታ።»

ውጭ ጎረቤት በሬውን እየተቆጣ ሲያልፍ ይሰማኛል። ሌላ ነገር አልሰማም። «ከመቼ ጀምሮ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጣሳውን ላንቺ ከማቅረቤ ከወር በፊት ነው የነገሩኝ። ሰው ወደ እኔ እንዳያይ ወደ አንቺ ጠቆምኩ።»

በየሦስት ወሩ ከላላ በምትባለው ሌላ ከተማ ያገባች ልጇን ልትጠይቅ ትሄድ ነበር። «እንዲህ ልጅ የሚወድ እናት አይተንም አናውቅ» ይላት ነበር መንደሩ። ልጇ ከላላ መሆኗ እውነት ነው፤ መድኃኒቷም ከላላ ነበር። አውራ ዶሮው የክኒን ሰዓቷ ነበር።

አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። «ስድቡ በኋላ ይደርሳል፤ አልሸሽም። አሁን ግን ሦስት ቀን ነው ያለሽ፣ አንዱ አልቋል። ትናንት መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሂጂና እንዲህ ሆነ በያቸው። መከላከያ ክኒን ይሰጡሻል።»

«ዝም ብትይ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

ዱላዋን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «ጣሳው ይበቃናል» አለችና ሄደች።

ያን ዕለት ማታውኑ መሄድ ነበረብኝ። ሆስፒታል ለድንገተኛ ሲመሽም ክፍት መሆኑን አላሰብኩም፤ እናንተ አስቡ። ሐሙስ ጠዋት መካነ ሰላም ገባሁ። ገብቼም ሆስፒታሉን አልፌ ሄድኩ፤ ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ የሰፈራችን ልጅ ናትና። አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ጣቴን በአልኮል ጠርጎ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጋኝ፣ ቀይና ቢጫ እንክብል ሰጠኝ። ስለ ኤች.አይ.ቪ ስጠይቀው «አሁን አይታይም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይመርመሩ» አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ቀለለኝ። መባል የምፈልገውን የሚለኝ ሰው አግኝቼ ነበርና።

ከከተማው መውጫ ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ዘነቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«አንቺን አላምንሽም ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። «ክኒኑን አሳዪኝ።»

አሳየኋት። ወደ ብርሃን አድርጋ አገላበጠችው።

«ይሄ የቁስል ነው። የኔን አይመስልም። ደምሽን አዩ?»

«ከሦስት ወር በኋላ ብሎኛል።»

«ከሦስት ወር በኋላማ ወይ አለ ወይ የለም። ክኒኑ ዛሬ ነው የሚሠራ። ተነሺ።»

«አንቺ ወዴት?»

«አብሬሽ ነዋ። የማን ደም እንደሆነ ሲጠይቁሽ ምን ልትይ ነው?»

ባጃጅ አስቆመች። እዚያ ከተማ ውስጥ በዚያ ጉዳይ እንዳትታይ ለአሥራ ሰባት ዓመት ወደ ከላላ የተንከራተተች ሴት፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ጎትታ ከጎኔ ተቀመጠች። ሰው ባለፈ ቁጥር ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያ ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው መሬት ነው። ስምንት ሰዓት አልፏል። ከፊታችን አራት ሰው አለ። እኔ ሰዓት እቆጥራለሁ፦ ከማክሰኞ ምሽት እስከ ሐሙስ ቀን ስንት ይሆናል? ዘነቡ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የምትጸልይ ይሁን የምትቆጥር አላወቅኩም።

ያን ጊዜ በኮሪደሩ ማን ብቅ ትላለች? ፋንታዬ፣ የልጅ ልጇን ልታስከትብ አዝላ።

«እንዴ! ሁለታችሁ አንድ አግዳሚ ላይ? ስምንተኛው ሺህ ገባ እንዴ?» የበሩን ቁጥር አየች፤ እንደገና አየችን። «ማንኛችሁ ናት የታመመችው?»

አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ነገር በአፌ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ነው። ጣሳው፣ ያ ሁሉ ለቅሶ ቤት፣ «አንቺ ዳር ተቀመጪ» የተባልኩበት ሰርግ ሁሉ በአንዲት ቃል ይከፈላል። ዘነቡ አላየችኝም፤ መሬቱን ታያለች። እንድትለምነኝ ፈልጌ ነበር። አልለመነችኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዘነቡ ልታስታምመኝ ነው የመጣችው። ምርመራውም አንቺ የምታስቢው ነው።»

«ኧረ እኔ ምን አሰብኩ?»

«አሥራ ሰባት ዓመት ያሰብሽውን።»

ፋንታዬ ሕፃኑ አለቀሰ ብላ ሄደች። ሕፃኑ እንቅልፍ ላይ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ዘነቡ በኋላ ጠይቃኛለች። ስሜ አስቀድሞ ቆሽሿል፣ አንድ ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል ብያታለሁ። ሌላ ምክንያት ካለም ለራሴ ነው።

ነርሷን ሲስተር ዘሃራ እላታለሁ፤ ማሻ ከሚባል አገር የመጣች ልጅ ናት። «አብሽሩ እማማ፣ ግቡ» አለችን። ሁለታችንንም አስገባች። የሆነውን ነገርኳት። ጣቴን ስታይ ግራ ገባት።

«ይሄ አንድ ቁስል አይደለም።»

«አንዱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደሙ እንዲወጣ ሳብኩት።»

«በምን?»

«በቀንድ።»

«በየትኛው ቀንድ?»

ወደ ዘነቡ ትከሻ አየሁ። ዘሃራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ይሄ እሾህ አይደለም ተስቦ የሚወጣ። እንዲህ ሲሆን በውኃና በሳሙና ብቻ ይታጠባል። አይጨመቅም፣ አይበጣም፣ አይሳብም። ከዚያ ወዲያው ወደ እኛ።»

ዘነቡን መድኃኒቷን አቋርጣ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። «አንድም ቀን» አለች ዘነቡ፤ ቀና ብላ ነው ያለችው። በደሟ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በቅርቡ ከላላ ተለክቶ ውጤቱ ገና እንዳልመጣም ዘነቡ ራሷ ነገረቻት። «መድኃኒቱን እንዲህ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በጣም ያንስበታል፤ የመተላለፍ ዕድሉም ትንሽ ነው» አለች ዘሃራ። «ግን ውጤቱን ሳናይ ቀናችንን አናቃጥልም። ዛሬውኑ እንጀምራለን። አስቀድሞ ግን እርስዎ ራስዎ መመርመር አለብዎት። ከበፊት ቫይረሱ ካለ ሕክምናው ሌላ ነው።»

ከበፊት። አሥራ ሰባት ዓመት የሸሸሁት ጥያቄ በአንድ ቃል ፊቴ ተቀመጠ። ጣቴን ወጋችኝ፤ ሌላኛውን ጣት። ጠብታዋን ትንሽ ነጭ ነገር ላይ አንጠባጠበችና «ትንሽ እንጠብቅ» አለች። እስከዚያ ያለውን አልጽፈውም፤ ባለቤቴን ስወቅስና ይቅርታ ስጠይቀው ነበር ብል ይበቃል።

«ነፃ ነዎት» አለች ዘሃራ። «ቫይረሱ በደምዎ ውስጥ የለም።»

«ወረቀት ይሰጡኛል?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ቤተ ክርስቲያን ደጅ ልለጥፈው።»

ዘሃራ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ አላቋርጥ አለኝና ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ከዚያ ዘነቡ ከጎኔ መሆኗ ትዝ አለኝ። በእኔ ያልተገኘው በእሷ ነው ያለው። ሳቄን ዋጥኩ።

«ሳቂ» አለች ዘነቡ ግድግዳውን እያየች። «ስንት ዓመት ነው ያስቀረሁብሽ።»

ክኒኗ በቀን አንዲት ናት፤ ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ። በነፃ ነው የሚሰጡት። ለሃያ ስምንት ቀን ሳይዘለል ይዋጣል። ጾመ ነቢያት ነበርና «ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም» አልኩ።

«የእናንተን ጾም እኔ አላስፈታም» አለች ዘሃራ። «ከነገ ጀምሮ ማታ ከምግብ በኋላ ይውሰዱት። የዛሬዋን ግን አሁን ቢውጧት እመርጣለሁ።»

«ዋጪው» አለች ዘነቡ። «ጾሙን እኔ እጾምልሻለሁ።»

ዋጥኩት። የንስሐ አባቴ ኋላ ሲሰሙ ጠበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም አትተዪ፣ አንዱ ሌላውን አይጣላም ብለውኛል። ጠበል ይበቃኛል ብላችሁ መድኃኒት የምትተዉ ካላችሁ ይህን ያሉት ቄስ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ከዚያ ሃያ ስምንቱ ምሽት መጣ። ክኒኗ ቀላል አልነበረችም፤ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እንግዳ ሕልም። ዘነቡ ግን በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች። የእኔ ስልክ ድምፁ ለጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ ምራቷም ከጎኗ አትጠፋም። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ዘነቡ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣

«ዶሮዎቹ ገቡ?» አለችኝ።

ትንሽ ዘግይቶ ገባኝ። «ገቡ» አልኳት።

«ሳይበሉ እንዳታስገቢያቸው።»

በየምሽቱ እንዲህ ሆነ። ጎረቤቴ አንድ ቀን አላስችል ብሏት «እትዬ፣ የትኞቹ ዶሮዎች ናቸው? ዶሮ የለዎት» አለችኝ። «የሚገዙ ናቸው» አልኳት። «ሳይገዙ ማታ ማታ የሚገቡ?» አለች። መንደሩ ስለ እኔ የሚያወራው ነገር አጥቶ አያውቅም፤ በዚያ ወር ግን ወሬው ተሻሽሎ ነበር። ባልቴቷ ስለሌሉ ዶሮዎች ከጠላቷ ጋር በስልክ ታወራለች ተባለ። በሕይወቴ ከተወራብኝ ሁሉ ይህን ወደድኩት።

በዘጠነኛው ምሽት ክኒኗን እንደዋጥኩ አስመለሰኝ። ስልኩ ጮኸ።

«ዶሮዎቹ ገቡ?»

«ወጡ። ሰልችቶኛል። አላስገባም።»

ስልኩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ዘነቡ ምራቷን ባትሪ አስይዛ ደጄ ደረሰች። ልጅቷን ውጭ አቆመቻትና ገባች።

«እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ስውጥ አንቺ ዘጠኝ ቀን ያቅትሽ?»

«ያንቺ በሽታ አለ፤ የኔ የለም።»

«እንዳይኖር ነዋ፣ ደነዝ።»

ለዘሃራ ደወልን። ወዲያው የተመለሰ ከሆነ ሌላ ይዋጡ፣ ከፊቱ ግን ትንሽ ነገር ይቅመሱ አለችኝ። ዘነቡ የሽሮውን ድስት ራሷ አሞቀች። አሥራ ሰባት ዓመት ያልረገጠችው ጓዳ ውስጥ ጨው የት እንዳለ ሳትጠይቅ አገኘችው። ስበላ ቆማ አየችኝ። ከዋጥኩ በኋላም «ቆይ» ብላ እንዳይመለስ ቁጭ ብላ ጠበቀች። የዚያን ምሽት ነው የሰደብኳት። ሁሉንም፣ ከጣሳው ጀምሮ። «በኋላ ይደርሳል» ብላ ነበርና አልሸሸችም። ስጨርስ «ረሳሽ፤ በሰርጉ ዳር ያስቀመጥኩሽም እኔ ነኝ» አለች። እሱንም ጨመርኩት።

የመጨረሻዋን ክኒን በገና ዕለት ምሽት ዋጥኩ። ስልኩ አልጮኸም። በሩ ተንኳኳ። ዘነቡ ሁለት ቄብ ዶሮ እግራቸውን አስራ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ ጣሳ።

«ዶሮ ሳይኖርሽ መንደሩን አስጨነቅሽው» አለች። «ውኃቸውን በዚህ ስጫቸው።»

ጣሳውን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ያኔ አልተቀበልኩትም ነበር። ተቀበልኩት፤ ለዶሮዎቹ።

በጥር ተመረመርኩ፣ ነፃ። በመጋቢት፣ ሦስት ወር ሲሞላ፣ እንደገና ተመረመርኩ፣ ነፃ። ዘሃራ «አሁን አበቃ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። የዘነቡም ውጤት መጥቶ ነበር፤ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ አንሷል።

«ስለዚህ ያን ሁሉ ክኒን በከንቱ ነው የዋጥኩት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ያኔ አናውቅም ነበራ፣ እማማ። ሳያውቁ መጠበቅ ነው ጥፋቱ።»

«እኔም እንደሷ ምላሰኛ ብሆን ኖሮ ቫይረሱ ይፈራኝ ነበር» አለች አብራኝ የመጣችው ዘነቡ።

ከዘነቡና ከእኔ ጣት በኋላ ያ ቀንድ በሌላ ሰው ላይ አልተደፋም፤ ይህን አስቤ አስቤ አረጋግጫለሁ። ቀንዶቹን ጓሮ ቀበርኳቸው። ሰው ለዋግምት ሲመጣብኝ አስቀምጬ ይህንኑ ታሪክ እነግረዋለሁ፣ ያለ ስም። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ይመረመራል።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ማኅበሩ ከትልቁ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል፤ ንፍሮው ተቀቅሏል፤ የጠላው ተራ የዘነቡ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ከቀረሁበት ቦታ ገብቼ ተቀመጥኩ። ፋንታዬ ትንሽ ፈቀቅ አለች፤ ቦታ የምትሰጠኝ ይመስል። ጽዋው መዞር ጀመረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ዘነቡ ያን ሁሉ ዓመት ከዚያ ጽዋ ስትጠጣ ኖራለች፤ በጽዋ ምክንያት የታመመ አንድም ሰው የለም፤ ጽዋ አያስተላልፍም። ቫይረሱ የነበረባት ከጽዋው ስትጠጣ፣ ያልነበረባት ናት በጣሳ የተሰጣት።

ዘነቡ ጠጣች። ከዚያ ተነሥታ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ተቀበልኩና እሷ በጠጣችበት በኩል አዙሬ ጠጣሁ።

ይቅር ብያታለሁ አላልኩም። ማንም እንዳልኩ አድርጎ እንዳያወራ።

«ጠላሽ ጎምዝዟል» አልኳት።

«ታዲያ በጣሳ ላምጣልሽ?»

«ጣሳውን ዶሮዎቹ ይዘውታል።»

ዘነቡ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ጽዋውን እንዳላፈስ ለጎረቤቴ አቀብዬ ሳቅኩ። ፋንታዬ ዓይኗን ወደ ላይ ሰቀለች፤ ጣሪያ ግን አልነበረም፣ ዛፍ ብቻ።